ሁለት ዓመት ሙሉ ማክሰኞ

ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። «በዚህ ዕድሜህ ንዴት ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል የልጅ ልጆቼ። እኔ ግን ይህን ሳልናገር ብሞት መቃብሬም አይመቸኝም። ባለፈው ወር እዚሁ ድሬ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሚስቱ የሞተችበት ወጣት ጎረቤቴ፣ እሷ ከተቀበረች ወራት አልፈውም፣ እህል ዘግቶት፣ ግድግዳ ተደግፎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ይውላል። አንድ ሽማግሌ ትከሻውን መታ መታ አደረገና «እንዴት ያለ አሳቢ ባል ነበራት!» አለ። የተቀመጠው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ። እኔንም እንዲሁ እያሞገሱ ሊገድሉኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ብዙ ዓመት አልፎታል፣ ባቡሩም ገና የከተማው ጌታ ነበር። አብዶ እባላለሁ፤ ልብስ ሰፊ ነኝ። መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ ከደረቁ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብዙም ሳይርቅ፣ በቤቴ በረንዳ ላይ አንዲት የስፌት መኪና ነበረችኝ። ሚስቴ ኑሪያ ቁልፍ ትተክላለች፣ ዘምዘማውንም ትሠራለች። ሁለት ልጆች ነበሩን። ፎዚያ አምስት ዓመቷ፣ ዩሱፍ ደግሞ ሦስት ሞልቶት አራተኛውን ይዞ ነበር።

ዩሱፍን ኩፍኝ ያዘው። ቅዳሜ አተኮሰው፣ ማክሰኞ ጠዋት ሽፍታው ወጣ። ግንባሩን በእጄ ነካሁት፤ ይፋጃል። ግን ኩፍኝ ያላወጣ ልጅ የለም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ በእጄም የሙሽራ ልብስ ነበር። «ሐሙስ ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ» አልኩ። ረቡዕ ትንፋሹ ከበደ። ሐሙስ ቀበርነው።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አልቆጥርም፤ ልጁን የቀበረ ሰው ቢያለቅስ ማን ይፈርድበታል? ሕመሙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲመለስ እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ እቀመጥና እግሬ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ይቆማል። ምግብ አፌ ውስጥ ወረቀት ይሆንብኛል። ጎህ ሳይቀድ ዓይኔ ይፈጥጣል፤ የአዛኑን ድምፅ እስክሰማ ድረስ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ያህል እፈራለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ማሰብ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ፀሐይዋ የቱ ጋ ነበረች? ግንባሩን ስነካው ምን አለኝ? ያን ልብስ ለምን ተቀበልኩ? አንዱን ጨርሼ ወደ ሌላው እሄዳለሁ፣ ሌላውን ጨርሼ እንደገና ከፀሐይዋ እጀምራለሁ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ ልብ ይበልልኝ። ሐዘኔን አልከስም፤ ሐዘን መብቴ ነበር። የምከሰው ስለ ራሴ ሐሳብ የነበረኝን እምነት ነው። «ነገሩን እስከ ሥሩ ካሰብኩት ስህተቱን አገኘዋለሁ» ብዬ አምን ነበር። «ማሰብ ካቆምኩ ልጄን ከዳሁት» ብዬም አምን ነበር። ይህን ማንም በቃል አላስተማረኝም። በዙሪያዬ ያለው ሁሉ ግን ያምነዋል፤ እኔም አመንኩት።

ለአገራችን እንግዳ ለሆነ ሰው ላስረዳ። ድሬ ውስጥ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ወንዱ በርጫ ይቀመጣል። ጫቱ ይቀርባል፣ መጀመሪያ ሳቁና ጨዋታው ይደራል። ከዚያ ምርቃናው ሲመጣ ቤቱ ጸጥ ይላል፤ እያንዳንዱ የየራሱ ሐሳብ ውስጥ ይሰምጣል። በዚያ ጸጥታ አንዱ ፎቅ ይሠራል፣ ሌላው ክስ ይረታል፣ ሦስተኛው የጅቡቲን ንግድ ይጠቀልላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁሉም ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለጤነኛ ሰው ጉዳቱ ብዙም አይደለም። ለእኔ ግን በየቀኑ እየሄድኩ ማክሰኞን ከእነ ክሯ የምተረትርበት ቤት ሆነልኝ።

የቤቱ ባለቤት ሐጂ ሙሜ፣ የአባቴ ጓደኛ፣ ደግ ሰው ነበሩ። አንዱ ድምፁን ከፍ ካደረገ «አቦ ዝም በሉ፤ አብዶ እያሰበ ነው» ይሉ ነበር። የግድግዳውን ጥግና ምርጡን ትራስ ለእኔ ሰጡኝ። ሌሎቹ ምክር ይጠይቁኝ ጀመር፤ ዝም ብዬ ስቆይ «ይሄ ሰው ጥልቅ ነው» ይላሉ። በሥራዬ በኩል ደግሞ የቀኙን እጅጌ በግራ እየሰፋሁ ደንበኛ አባርር ነበር። ጥልቅነቴ ይህን ይመስላል!

እየከሳሁ ስሄድ በርጫው ፍርዱን ሰጠ። «ዱካክ ነው» አሉ። ዱካክ የሚባለው ጫት የለመደ ሰው ሲያጣው የሚያስጨንቀው፣ በቅዠት የሚያባንነው ነገር ነው። እኔ እኮ አንድ ቀን አጥቼው አላውቅም! ግን ማን ይሰማል? «ጫቱ አልደረሰህም፤ ዓይነቱን ቀይር፣ ጠዋትም ጀምር» አሉኝ። ቀየርኩ፣ ጠዋትም ጀመርኩ። እንቅልፌ ጨርሶ ጠፋ፣ ልቤ እንደ ከበሮ መደለቅ ያዘ፣ የማስብበትም ሰዓት በእጥፍ ጨመረ። ሲብስብኝ ደግሞ እንደገና «ዱካኩ ጠንክሮበታል» ተባለ። ዛሬም ሳስታውሰው ደሜ ይፈላል።

ኑሪያ እየጎተተች ከዚራ ወሰደችኝ፤ ዛፎቹ ጥላ በሚጥሉበት ባቡር ሰፈር አንድ የፈረንጅ ሐኪም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ አግዳሚ ላይ ተራ እንጠብቃለን። መጀመሪያ «ወባ» አለኝ፤ ጆሮ የሚያስጮህ መራራ ኪኒን ዋጥኩ። በወሩ ስመለስ «ጉበት ነው፣ ቅቤ ተው» አለ፤ ቅቤ ቀርቶ ደረቅ ዳቦም አልወርድልህ ብሎኝ ነበር። በዚያ አግዳሚ ላይ የማስታውሰው አንድ ደግ ነገር ቢኖር፣ ልጅ ያቀፈች የሶማሌ ሴት ከያዘችው ቴምር ግማሹን እጄ ላይ አድርጋ «ብላ ወንድሜ» ማለቷ ነው። ምን እንዳመመኝ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ሁሉ ምርመራ ይልቅ እሱ ይሻለኝ ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ ስሄድ ሐኪሙ ጉልበቴን መታ፣ ዓይኔን ገልጦ አየና በአስተርጓሚ እንዲህ አለኝ፤ «ነርቭ ነው። አእምሮህ ደክሟል። ማሰብ አቁም፤ ካላቆምክ ታብዳለህ።»

በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይህ ነው። እስከዚያ ቀን ማሰቤ ያሳዝነኝ ነበር እንጂ አያስፈራኝም ነበር። አሁን ማክሰኞ ብቅ ባለች ቁጥር «ማበዴ ነው» ብዬ እደነግጣለሁ። ላባርራት እታገላለሁ፣ ራሴን በእጄ እመታለሁ፣ ጮክ ብዬ ቁጥር እቆጥራለሁ። «ስለ ማክሰኞ አላስብም» ያለ ሰው ስለ ምን እያሰበ ነው? ይህን ለመረዳት መማር አያስፈልግም ነበር፤ የተማረው ግን አልተረዳውም።

ከዚያ ዘመዶቼ ጅኒ አስወጣለሁ ከሚል ሰው ዘንድ ወሰዱኝ። ሃይማኖቴን የምወድ ሰው ነኝ፤ ዱዓ ያደረጉልኝን ሁሉ አላህ ይስጣቸው። ይህ ሰው ግን ዓይኔን እያየ «ሐሳቡ ያንተ አይደለም፤ የሚያስበው በላይህ የተቀመጠው ነው፤ አንተ ልታዘው አትችልም» አለኝ። ለሳምንት ያህል ቀለለኝ፤ ጥፋቱ የእኔ አይደለማ! ከሳምንት በኋላ ግን ከእኔ ይዞት የሄደውን ነገር አወቅኩ። ማዘዝ የማልችል ከሆነ ምን ልሞክር? ግድግዳዬን ተደግፌ ቀረሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቤቱን የያዘችው ኑሪያ ናት። የስፌት መኪናውን ተረከበች። ከደንበኛ ጋር ትከራከራለች፣ ከጎረቤት ጋር ትስቃለች፣ ሽንኩርት ትገዛለች። እኔ ከጥጌ ሆኜ እያየኋት በሆዴ «ይቺ ሴት ልብ የላትም፤ ልጇን ረስታዋለች» እል ነበር። እውነቱን ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ፎዚያ ሰባት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ኑሪያ ምሳ ብላ ስትጠራት ልጅቷ አልመጣችም። ከጎኔ፣ ልክ እንደኔ ጉልበቷን አቅፋ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች።

«ፎዚያ፣ ምን ሆንሽ?»

«እያሰብኩ ነው» አለች።

«ምን ታስቢያለሽ?»

«አላውቅም። እንደ አባቴ ነው።»

ኑሪያ ቁጣ አልጀመረችም፣ አላለቀሰችምም። በማግስቱ ወንድሟን ከትውልድ መንደሯ ከጀልዴሳ አስጠራችው። ጓዟን እያሰረች «የፎዚያ አባት፣ አንዱን ቀብሬያለሁ» አለችኝ። «ይቺን በቁሟ አልቀብርም። ስትድን ና። ካልዳንክ አትምጣብን።» ልጄን ይዛ ሄደች። እኔ ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ስለ መሄዷ ለማሰብ ተቀመጥኩ።

የስፌት መኪናዋ ላይ የሚቀመጥ ስለ ጠፋ የግዴን ሥራ ሞከርኩ። በሦስተኛው ቀን ሐሳብ ይዞኝ ሲሄድ መርፌው ጣቴን ዘልቆ ወጣ። ጣቴ አብጦ መግል ሲይዝ ወደ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሄድኩ። ቁስል የሚያጥበው ሮብሌ የሚባል የሶማሌ ድሬሰር ነበር፤ ሰው ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል፣ እሱ ደግሞ «ዶክተር አይደለሁም» እያለ ይሠራል።

«ዋርያ፣ አንተ ሰው፣ ጣትህን ስትወጋ ዓይንህ የት ነበረ?»

«እያሰብኩ ነበር።»

«ምን?»

ለምን እንደ ነገርኩት አላውቅም፤ ሁሉንም ነገርኩት። ጣቴን እያጠበ ሰማኝ። ከዚያ በርጫውም፣ ሐኪሙም፣ ጅኒ አውጪውም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ።

«በቀን ስንት ሰዓት ታስባለህ?»

«ሁሌ።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ።»

«እና ምን አገኘህ?»

ተናደድኩበት። «አንተ ልጅ ሞቶብህ ያውቃል?» አልኩት።

«ሁለት» አለኝ፣ ፋሻውን መጠቅለል ሳያቆም።

እሱ ቀጠለ። «ሐሳብ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ እሱን ማንም አያቆመውም፣ እሱም ሰው አያሳብድም። ግን ደጅ ሲቆም ግባ ብለህ ምንጣፍ የምታነጥፍለት አንተ ነህ።»

«አልችልም። ሐሳቤ አይታዘዘኝም።»

«ረመዳን ሳምንት ቀረው። ትጾማለህ?»

«እንዴታ!»

«ቀትር ላይ፣ በዚህ ሙቀት፣ ውሃ ሲያምርህ ምን ታደርጋለህ?»

«ምን አደርጋለሁ? ሥራዬን እሠራለሁ።»

«ከጥሙ ጋር ትጣላለህ?»

«ለምን እጣላለሁ?»

«ትጠጣለታለህ?»

«አስተግፍሩላህ!»

«እና ይገድልሃል?»

«ይመጣል፣ ይሄዳል። መግሪብ ሲደርስ እጠጣለሁ።»

«በቃ ይኸው» አለኝ። «ማክሰኞ ስትመጣብህ አትጣላት፣ ደግሞም አትከተላት። ‹ካፈጠርኩ በኋላ› በላትና መርፌህ ላይ ክር አስገባ። ማታ ካፈጠርክ በኋላ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠህ ልብህ እስኪጠግብ አስብ። ከዚያ ተነሥ። ረመዳኑን ሙሉ ሞክርና ማዘዝ የማትችል ከሆንክ መጥተህ ስደበኝ።»

ልሰድበው ቆርጬ ነበር የጀመርኩት። የመጀመሪያው ቀን የቀትሩ ሶላት፣ ዙህር፣ ሳይደርስ ሐሳቡን ተከትዬ መሄዴን አወቅኩ፤ ራሴን ሳልረግም እንደገና «ካፈጠርኩ በኋላ» አልኩ። ሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። ጎረቤቶቼ ሚስቱ የሄደችበት ሰው ብለው ሾርባና ሳምቡሳ ይልኩልኝ ነበር። ካፈጠርኩ በኋላ ቁጭ ብዬ ማክሰኞን እጠራታለሁ፤ ከፀሐይዋ እጀምራለሁ፣ ግማሽ ሰዓቴ ሲሞላ እያለቀስኩ እነሣለሁ። ቀስ በቀስ ግን ቀን ቀን ስትመጣ ደጅ ቆማ መሄድ ለመደች። ረመዳን እኩሌታው ላይ አንድ ማታ ተቀምጬ ጠራኋት፤ መጣች፣ ያንኑ ነገረችኝ፣ ሰለቸችኝ። ግማሽ ሰዓቱ ሳይሞላ ተነሥቼ የሰው ሱሪ መተኮስ ጀመርኩ።

ደስ አለው ትሉ ይሆናል። አልተደሰትኩም፤ እሳት ሆንኩ! መነሣት የምችል ከነበርኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ማን ነው አስሮ ያስቀመጠኝ? በትራስና በሙገሳ ያስቀመጡኝ፣ ታብዳለህ ብለው ያስፈራሩኝ፣ አታዝዘውም ብለው ተስፋዬን የወሰዱብኝ ሁሉ በዓይኔ ላይ መጡ። ያን ማታ ብቻዬን በባዶ ቤት ውስጥ ጮኼ ተሳድቤያለሁ፤ ረመዳን ነውና አላህ ይቅር ይበለኝ።

ረመዳኑ ሲገባ በርጫውንም ትቼ ስለ ነበር፣ ጫቱን መተዌ ለመዳኔ ምን ያህል እንደ ረዳኝ ለይቼ አላውቅም፤ እንቅልፌ ግን ተመለሰ፣ ቴምሩም ቴምር ቴምር አለኝ። ሐጂ ሙሜ ሊጠይቁኝ መጡ።

«አብዶ፣ ጠፋህ እኮ። በርጫውን ተውክ፣ ሐሳቡንም ተውክ። ልጅህን ረሳኸው እንዴ?»

አያችሁት? ሁለት ዓመት ያሰረኝ ገመድ ይኸው ነው፤ ጫፉን ይዘው ደጄ ድረስ መጡ።

«ሐጂ» አልኳቸው፣ «ዩሱፍን አልረሳሁትም። የረሳሁት ፎዚያን ነው። ሁለት ዓመት አጠገብዎ ስቀመጥ ‹ሴት ልጅህስ እንዴት ናት?› ብለው አንድ ቀን ጠይቀውኛል?»

«ያከበርንህ መስሎን እኮ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩላቸው።

ዛሬ ሐኪሞች ይህን ሕመም ድባቴ ይሉታል፤ መድኃኒት የሚያስፈልገውም ብዙ ሰው አለ፤ እኔ በዳንኩበት ሁሉም ይድናል አልልም። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ቁጭ ብሎ የሚቆዝም ሰው ስታዩ «ጥልቅ ነው» አትበሉት፣ «ታብዳለህ»ም አትበሉት፤ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚቆዝም ጠይቁት።

ከዒድ በኋላ የጀልዴሳ የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርኩ። ፎዚያ ከፍየሎቹ ጋር ስትሮጥ ከሩቅ አየኋት። ኑሪያ ከአባቷ ቤት ደጃፍ ጨርቅ ታጥባለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ፊቴን፣ ልብሴን፣ እጄን በደንብ አየችው።

«ድነሃል?»

«እየዳንኩ ነው።»

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጥግህ ተቀምጠህ ስታየኝ ‹ይቺ አላዘነችም› ትል ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «እል ነበር» አልኳት።

ጨርቁን ጨመቀችው። ከዚያ ዓይኔን እያየች፣ ሳትቆጣ፣ «ማክሰኞ ጠዋት ‹ዛሬ እንውሰደው› ያልኩህ እኔ ነኝ» አለች። «ልብሱን አልብሼው፣ ታቅፌው፣ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ‹ሐሙስ› ያልከኝ አንተ ነህ። አስታወስከው?»

አላስታወስኩም። ወላሂ አላስታወስኩም! ሁለት ዓመት ሙሉ ያችን ጠዋት ስመረምር ፀሐይዋ ነበረች፣ ግንባሩ ነበረ፣ የሙሽራዋ ልብስ ነበረ፤ ኑሪያ ግን አልነበረችም። እስከ ሥሩ አሰብኩ ያልኩት ነገር ውስጥ በሩ ላይ ልጁን ታቅፋ የቆመችውን እናቱን አላየኋትም። በሰው ሁሉ ስናደድ ከርሜ፣ ያን ጊዜ ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ።

«ለምን ሳትነግሪኝ ቀረሽ?» አልኳት።

«ብነግርህ ትሞትብኛለህ ብዬ። ከማን ጋር ላልቅስ? ሰፋሁ።»

እጆቿን ያዝኳቸው፤ በሳሙናው ርሰው ነበር። ይቅር በይኝ አልኳት፤ ስንት ጊዜ እንዳልኳት አላውቅም። ሁለት ዓመት ስታለቅስ አይቻት የማላውቀውን አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጠረገችና «መኪናው መቼ ነው የሚመለሰው?» አለች።

«ከዙህር በኋላ።»

«እንግዲህ የፎዚያ ልብስ ይድረቅ።» ጨርቁን አሰጣችና ዞራ «ስማኝ» አለች። «ከዛሬ ወዲያ ዩሱፍን ማሰብ ሲያምርህ ጥራኝ። ብቻህን አታስበው፤ የእኔም ልጅ ነው።»

እስክትሞት ድረስ ጠራኋት።